ስለ ቦኖው ያልተናገርኩት

ሰኞ 2

ከዛሬ ጀምሮ ታሪክ ይመዘገባል። ደብተሩ የደንበኞች ልኬት መመዝገቢያ ነበር፤ ሃያ ገጽ ከሞላ በኋላ ደንበኛ ቀነሰና የቀረው ወረቀት ለታሪክ ተረፈ።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ከዚያም በላይ (ባለቤቴ «ከዚያም በታች» ትላለች) ነዋሪው በድምፁ የመረጠኝ የሰፈሩ ምክር ቤት ጸሐፊ ነኝ። ምክር ቤቱ አምስት ሰው ነው። ሥራችን የነዋሪውን ጉዳይ ለከተማው አስተዳደር፣ የከተማውን መልስ ደግሞ ለነዋሪው ማድረስ ነው። የመጀመሪያውን አልፎ አልፎ እናደርሳለን። ሁለተኛው እስካሁን አልገጠመንም።

ዛሬ ማስታወቂያ መጣ። ሰፈሩ ሁሉ ውሃ የሚቀዳበት የጋራ ቧንቧ፣ ቦኖው፣ ሊዘጋ ታስቧል። ፊታቸውን ወደ መንገድ ላዞሩ ቤቶች በየደጃቸው ቧንቧና ቆጣሪ ይገባል። ከእነሱ ጀርባ ስላሉት አርባ ሁለት የጓሮ ቤቶች ማስታወቂያው ትንፍሽ አላለም። በሚመጣው ሳምንት ማክሰኞ በከተማው አዳራሽ አስተያየት ይሰማል፤ ከየሰፈሩ አንድ ተወካይ ብቻ ይናገራል።

ስብሰባው እንደ ደንባችን እዚያው ቦኖው ላይ ተካሄደ። ደንቡን ለመጪው ትውልድ ላስረዳ። መምጣት ያልቻለ ሰው ጀሪካኑን ይልካል። ጀሪካኑ ሰልፉ ላይ እስከቆመ ድረስ ባለቤቱ እንደተገኘ ይቆጠራል፤ ድምፅ ሲሰጥም ከጀሪካኑ ኋላ ያለው ሰው ሁለት እጁን ያነሳል፣ አንዱን ለራሱ፣ አንዱን ለጀሪካኑ። ሠላሳ አንድ ሰውና አሥራ ዘጠኝ ጀሪካን በተገኙበት፣ አዳራሽ ሄጄ እንድናገር በሙሉ ድምፅ ተመረጥኩ።

ሊቀመንበራችን ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሹፌር ናቸው፤ ግራ ጆሯቸውን ሞተር በልቶታል። «እኔ ብሄድ የሚሉኝን አልሰማም» አሉ። «የዚህ አፍ ግን ሥራ ፈትቶ አያውቅም፤ ዛሬ እንኳ ለቁም ነገር ይዋል።» ሰው ሳቀ። በትሕትና አንገቴን ደፋሁ። ልቤ ግን አብሮ አልደፋም።

ረቡዕ 4

የቦኖው ቁልፍ ያዥ የሰፈሩ ልብስ አጣቢ ናት። ጠዋት ትከፍታለች፣ ሲመሽ ትዘጋለች፣ በመሃል የአሥራ አንድ ቤት ልብስ ታጥባለች። ባሏ ከሞተ ወዲህ ሦስት ልጆቿን ያሳደገችው ከዚያች ቧንቧ ሥር ቁጢጥ ብላ ነው። የምትኖረው ከጓሮ ቤቶቹ በአንደኛው ነው። በዕድሜ ስለምትበልጠኝ እታለም እላታለሁ፤ እሷ ወንድሜ ትለኛለች።

ዛሬ ሱቄ መጥታ አቤቱታውን አስጻፈችኝ። እኔ «ውሃ የሕይወት መሠረት መሆኑ ከጥንት ጀምሮ በሊቃውንት የተመሰከረ እንደመሆኑ መጠን» ብዬ ጀመርኩና አነበብኩላት። እጇን ወረቀቱ ላይ ጫነች።

«ወንድሜ፣ ሊቃውንቱን ተዋቸው። መጀመሪያ ለጓሮ ቤቶች ቧንቧ ይግባ፣ ቦኖው ከዚያ ይዘጋ በል። ሌላ ምንም አላልኩም።»

ሊቃውንቱን ግን አልተውኳቸውም። አቤቱታው አራት ገጽ ሆነ፤ የእሷ ቃል ሦስተኛው ገጽ ላይ ይገኛል። ሰማንያ ስድስት ሰው ፈረመ። እሷ ፊደል ስላልቆጠረች አንድም ሳላስቀር አነበብኩላትና በአውራ ጣቷ ፈረመች። ስትወጣ ነጩን ሸሚዜን ይዛ ሄደች፤ ማታ ታጥቦ ተተኩሶ መጣ። ኮሌታው ካርቶን መስሏል። አንገቴን ካልሆነ በቀር ሁሉን ያስከብራል።

ዓርብ 6

ልምምድ። መስታወት ፊት። «የተከበራችሁ የከተማችን አስተዳዳሪዎች!» ባለቤቴ ከጓዳ፦ ሱሪህን ልበስና ተናገር።

ማክሰኞ 10፣ ከቀትር በኋላ

ተፈጸመ። ጥሩ ነበር። በጥቅሉ ጥሩ ነበር። ደክሞኛል።

ያው ዕለት፣ ከእራት በኋላ

ለታሪክ ሲባል ዝርዝሩ እነሆ።

ከኋላ ልቀመጥ ስል አንዲት ልጅ እጄን ይዛ ፊት ወንበር ላይ አስቀመጠችኝ። ጠረጴዛው ላይ «የተከበሩ ተወካይ» የሚል ካርድ ቆሟል፤ ከጎኑ የታሸገ ውሃ፣ ከውሃው ጎን ማይክ። የውሃ ክፍሉ ኃላፊ ራሳቸው መጥተው በሁለት እጃቸው ጨበጡኝ። በሁለት እጁ የጨበጠኝ የመጨረሻው ሰው ዕዳ ጠያቂ ነበር።

ከዚያ ለተሰብሳቢው፣ «አንዳንድ ሰፈር ጯሂ ይልክልናል፤ ይህ ሰፈር ግን ሰው ላከልን» አሉ። ጎንበስ ብለው ደግሞ በጆሮዬ፣ ለከተማው አማካሪ ኮሚቴ እንደ እርስዎ የሰከነ ሰው እየፈለግን ነበር አሉኝ። ስለ ኮሚቴው ምንም አላሰብኩም።

ከእኔ በፊት የነበረው ተወካይ ጮኸ። በእውነቱ አስተዛዛቢ ነበር። ኃላፊው እኔን አይተው ፈገግ አሉ፤ «ይታዘቡልኛል?» እንደማለት። እኔም ፈገግ አልኩ። እንግዲህ አብሮ ታዝቦ ሲያበቃ ተነስቶ መጮህ ለማንም ይከብዳል።

ተራዬ ደረሰ። ኃላፊው ስለ ሰፈራችን ዕቅድ አነበቡና፣ «ከተወካዩ የሚቀርብ ተቃውሞ ካለ?» አሉ። የማይኩ ማብሪያ ከጣቴ ሥር ነበር። ጣቴ ማብሪያው ላይ እንደነበረ ይመዝገብልኝ። ራሴን ሦስት ጊዜ ነቀነቅኩ። ከሦስቱ አንዱ የተቃውሞ ነበር።

«ካለ?» አሉ ደግመው።

ወደ ቀጣዩ ሰፈር አለፉ። ነገሩ ሁሉ መርፌ ውስጥ ክር ለማስገባት ከሚወስደው ጊዜ አይበልጥም።

ረቡዕ 11

ጠዋት ቦኖው ላይ ጠበቁኝ። «ተናገርክ?» አሉ። «መናገርማ…» አልኩ። ይህ ውሸት አይደለም፤ ያላለቀ ዓረፍተ ነገር ነው። የጨረሱት እነሱ ናቸው።

እኩለ ቀን ላይ ሊቀመንበሩ ጠረጴዛ መምታቴን ለሰው ሲያወሩ ሰማሁ። አሥር ሰዓት ላይ፣ እንደ ወሬው፣ ኃላፊው መሐረብ አውጥተው ላባቸውን ጠርገዋል። ሲመሽ አዳራሹ ቆሞ አጨብጭቧል። አላስተባበልኩም። የሕዝብን ድምፅ ማክበር የተመረጠ ሰው ግዴታ ነው።

ባለቤቴ ብቻ እራት ስታቀርብ ትክ ብላ አየችኝ። «አንተ ስትለፈልፍ የዋልክ ቀን ድምፅህ ሻክሮ ነው የምትገባው» አለች። «ትናንት ግን ሳይከፈት የተመለሰ ዕቃ መስለህ ነው የገባኸው።» ጉንፋን ይዞኝ ነበር አልኳት። ጉንፋን ድምፅን እንደሚያሻክር ያስታወስኩት ካልኩ በኋላ ነው።

ቅዳሜ 14

አጣቢዋ የሳምንቱን ልብሳችንን አጥባ አመጣች። ዋጋዋን ብሰጣት አሻፈረኝ አለች። «ስለ እኛ ጉሮሮህን አድርቀህ የለ እንዴ!» ልብሱን ተቀብዬ ገባሁ። አንሶላው ንጹሕ ነው። ተኛሁበት፤ እንቅልፍ ግን አልወሰደኝም። ምናልባት ሙቀቱ ይሆናል።

ሐሙስ 19

ደብዳቤ መጣ። የተጻፈው ለቦኖው ቁልፍ ያዥ ሲሆን «ግልባጭ፦ ለሰፈሩ ምክር ቤት ጸሐፊ» ይላል። ከተማው ለሁለት ሰው ጻፈ ማለት ነው። አንደኛዋ ማንበብ አትችልም፤ ሁለተኛው ማንበብ አይፈልግም።

አጣቢዋ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ሱቄ ገባች። «የመንግሥት ወረቀት ነው፤ አንብብልኝ።»

አነበብኩላት። ቦኖው እንዲዘጋ ተወስኗል፤ የሚመጣው ወር ሊገባ አንድ ቀን ሲቀረው ጀምሮ ለሙከራ ለጥቂት ቀን ይዘጋል፤ ቁልፉንም ወሩ በገባ በአራተኛው ቀን ታስረክቢያለሽ ይላል። ሁሉንም አነበብኩ፣ ከአንድ ዓረፍተ ነገር በቀር። እሱ እንዲህ ይላል፦ «ውሳኔው የተሰጠው የሰፈሩ ተወካይ በስብሰባው ተገኝተው ተቃውሞ ባለማቅረባቸው ሲሆን፣ ተወካዩ ያላቀረቡበትን ትክክለኛ ምክንያት በጽሑፍ ገልጸው እስከዚሁ አራተኛ ቀን ካመለከቱ ጉዳዩ እንደገና ይሰማል።»

ሁለት መስመር ተኩል ነው። ዘለልኩት።

«ይኸው ነው?» አለች።

«ይኸው ነው።»

ወረቀቱን ወስዳ ወደ ብርሃኑ ያዘችው። ጽሑፉ ከታች እስከ ላይ ሞልቶታል። «ብዙ ይመስል ነበር» አለች። የመንግሥት ደብዳቤ ሰላምታ ይበዛዋል አልኳት። አጥፋ ደረቷ ውስጥ ከተተችው። ከመውጣቷ በፊት ዞር ብላ፣ «እንዲያ ጮኸህባቸው እንኳ አልሰሙም ማለት ነው?» አለችኝ። በእጄ ከያዝኩት ኮት አንዱን ቁልፍ ቆርጬ እንደገና ሰፋሁት። ቁልፉ ደህና ነበር።

ሰኞ 23

ምክር ቤቱ ተሰበሰበ። ሊቀመንበሩ ተቆጥተዋል። «የተወካያችንን ንግግር አፈር አብልታችኋል ብለን እንጻፍላቸው» አሉ። ተጨበጨበ። ጸሐፊው እኔ ስለሆንኩ ንግግሬ መናቁን በመቃወም የምጽፈውም እኔ ነኝ።

ጻፍኩት። በሕይወቴ እንዲህ ያለ ደብዳቤ ጽፌ አላውቅም። ሳነብላቸው አንዱ አባል አፍንጫውን ጠረገ፤ እኔ ራሴ ስለ ራሴ ጀግንነት ልቤ ተነካ። ከተማው ይህን ከተቀበለ በማግስቱ ቃለ ጉባኤውን አያይዞ እንደሚመልስ የማውቀው ግን እኔ ብቻ ነኝ።

ማኅተም ይደረግበት ሲባል የማኅተሙ ቀለም ደርቋል አልኩ። እውነት ነው፤ ደርቋል። ትናንት ከሰዓት ክዳኑን ከፍቼ ፀሐይ ላይ ያኖርኩት እኔ ነኝ።

ለማመልከት አሥራ አንድ ቀን ቀረ። ገና ብዙ ነው።

ሐሙስ 26

ስምንት ቀን።

ባለቤቴ ኮቴን ልትቦርሽ የደረት ኪሱን ስትፈትሽ አራቱን ገጽ አገኘች። ከነእጥፋቱ። ከነሰማንያ ስድስቱ ፊርማ። አምጥታ የስፌት መኪናዬ ላይ፣ ልክ ከመርፌው ሥር አስቀመጠችው።

«ይሄ አዳራሽ ገብቶ አልነበረም?»

«ገብቶ ነበር።»

«ከኪስህ ሳይወጣ?»

ስለ ስብሰባው ሥርዓት ላብራራላት ሞከርኩ። ስለ ካርዱ፣ ስለ ማይኩ፣ አንድ የሰከነ ሰው ጊዜ ጠብቆ መናገር እንዳለበት። አላቋረጠችኝም። ስጨርስ፣ «ጀሪካን ብንልክ ይሻል ነበር» አለች። «ጀሪካን ቢያንስ የባለቤቱን ቦታ ይዞ ይቆያል። አንተ ቦታቸውን አስረክበህ መጣህ።»

ከዚያ ኮቱን አንስታ መቦረሽ ጀመረች። ብትሰድበኝ መልስ ነበረኝ፤ ሁለት ሦስት ጥሩ ጥሩ ነገር አዘጋጅቼ ነበር።

ቅዳሜ 28

ከከተማው በእጅ የመጣ ፖስታ። ለአማካሪ ኮሚቴ አባልነት ታጭቻለሁ፤ የመጀመሪያው ስብሰባ በወሩ አጋማሽ ይሆናል። ሽፋኑ ላይ ስሜ በወርቅ ቀለም ተጽፏል። ስለ ኮሚቴው ምንም አላሰብኩም። ለስብሰባው ግራጫው ኮት ይሻላል፤ ጥቁሩ ትከሻው ላይ አንጸባርቋል።

ስድስት ቀን።

ማክሰኞ 1፣ አዲስ ወር

ቦኖው ከትናንት ጀምሮ ለሙከራ ተዘግቷል።

ቅርቡ ውሃ ከታችኛው ሰፈር ነው፤ ከዚያ ወደ እኛ የሚያወጣው ደረጃ ስልሳ አራት ነው። ቁጥሩን የማውቀው ሱቄ ከደረጃው ራስ ላይ ስለሆነና ዛሬ ምንም ሥራ ስላልሠራሁ ነው። አጣቢዋ ከጠዋት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሁለት ሁለት ጀሪካን ይዛ አሥራ አራት ጊዜ ወጣች። አርባኛው ላይ ታርፋለች። ልብስ በሰዓቱ ስላላደረሰች ሦስት ቤት ሌላ አጣቢ ይዘዋል፤ ይህን ለሰው ስትናገር የሰማሁት ከዚያው ከአርባኛው ደረጃ ነው። አንዲት ጎረቤት አብራት አርፋ ነበር።

«ያ ምላሰኛ ጸሐፊያችን ታዲያ ምን ረባ?» አለች ጎረቤቲቱ።

«እሱን ተይው» አለች አጣቢዋ፣ ትንፋሿ እየተቆራረጠ። «እሱ የተላከውን ተናግሯል። አልሰማ ያሉት እነሱ ናቸው። በእሱ ሲመጡብኝ አልወድም።»

እኔ ከሱቄ በር ጀርባ ነበርኩ። የሚለካ ሰው በሌለበት ሜትሬን ስዘረጋና ስጠቀልል ነበር።

ወጥቼ ጀሪካኑን ልቀበላት ይገባኝ ነበር። አልወጣሁም። ብወጣ፣ እግዜር ይስጥህ ወንድሜ ትለኛለች።

በዚህ ደብተር ላይ ብዙ ቀልጃለሁ። ገጹን ወደ ኋላ እያገላበጥኩ ሳነበው ከቀልዱ ሥር ያለው ሰው አስጠላኝ። ስለ ኮሚቴውም አስቤያለሁ። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሬ፣ ገና በጆሮዬ ሲነግሩኝ፣ ከዚያ ሌላ ምንም አላሰብኩም።

ሐሙስ 3

ጠዋት ሱቄን ዘግቼ ወደ ከተማው መዝገብ ቤት ሄድኩ። የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ ወጣት ናት፤ ገና ስታየኝ «አባባ፣ ምን ልርዳዎት?» አለችኝ። ሃምሳ አልሞላኝም። ይሁን።

ቅጽ ሰጠችኝ። «ተቃውሞ ያልቀረበበት ምክንያት» በሚለው ላይ «ድንገተኛ ሕመም» ብዬ ሞላሁ። የሐኪም ወረቀት ጠየቀችኝ። ሌላ ቅጽ። «የማይክ ብልሽት።» ቃለ ጉባኤውን አገላበጠችና፣ «አባባ፣ በዚያው ማይክ ከእርስዎ በፊት ያለው ሰው ግማሽ ሰዓት ተናግሯል፤ ከኋላዎ ያለውም» አለች። ሌላ ቅጽ። «በወቅቱ በተፈጠረ አለመግባባት።»

«ከማን ጋር?»

ዝም አልኩ። በዝምታ ልምድ አለኝ።

አራተኛውን ቅጽ አቀበለችኝና ወደ ሥራዋ ዞረች። ኋላዬ ሰልፍ ነበር። አንድ ሽማግሌ፣ ወንድሜ ምነው ኑዛዜ ነው እንዴ የምትጽፈው፣ እያለ ያጉረመርማል። ጻፍኩ፦

«እኔ የሰፈሩ ተወካይ ባለፈው ወር በአሥረኛው ቀን አዳራሹ ውስጥ ነበርኩ። የነዋሪው ተቃውሞ በኪሴ ነበር። ተጠይቄ አልተናገርኩም። አልታመምኩም፤ ማይኩም አልተበላሸም። ኃላፊው ስላሞገሱኝና ለኮሚቴ እንደሚፈልጉኝ ስለነገሩኝ እንዳላስቀይማቸው ብዬ ነው። ለነዋሪው ተናግሬአለሁ ብዬ ዋሸሁ። ለቁልፍ ያዥዋ የመጣውን ደብዳቤ ሳነብላት ይህን የሚያጋልጠውን መስመር ዘለልኩ። ነዋሪው ያለው፣ መጀመሪያ ለጓሮ ቤቶች ቧንቧ ይግባ፣ ቦኖው ከዚያ ይዘጋ ነው።»

ሊቃውንቱ አልገቡበትም።

ልጅቷ አነበበች። ሁለት ጊዜ ሳታነበው አልቀረችም። «ለኮሚቴው የታጩት እርስዎ አይደሉም እንዴ?» አለች ቀስ ብላ። ባለወርቅ ፖስታውን ከኪሴ አውጥቼ መስኮቷ ላይ አስቀመጥኩላት።

ማኅተም መታችበትና ደንቡን ነገረችኝ። የተወካይ ስሕተት በተወካዩ አፍ ለነዋሪው መነበብ አለበት። ቦታው ጉዳዩ የተነሳበት ቦታ ነው። ሰምቻለሁ የሚል የሁለት ነዋሪ ፊርማ፣ አንዱ የቁልፍ ያዥዋ ሆኖ፣ ነገ ከቢሮ መዝጊያ ሰዓት በፊት ካልገባ መዝገቡ ይዘጋል። ከገባ ጉዳዩ በሁለት ሳምንት ውስጥ እንደገና ይሰማል፤ ቁልፉም እስከዚያ እጇ ላይ ይቆያል።

የጻፍኩት መዝገብ ቤቱ ሳጥን ውስጥ ገብቶ በጸጥታ የሚቀበር መስሎኝ ነበር።

ዓርብ 4

ሙከራው ስላበቃ ጠዋት ቦኖው ተከፍቶ ነበር። ማታ ለዘለቄታው ከመታሸጉ በፊት ያለውን ሁሉ ዕቃ ለመሙላት ሰፈሩ በሙሉ ወጥቷል። ሰልፉ እስከ ማዞሪያው ደርሷል። ሊቀመንበሩን ጠርቼ፣ የሚነበብ ነገር አለኝ አልኳቸው። ጮክ ብለው ሰው አስተባበሩልኝ። የተቃውሞው ደብዳቤ መስሏቸው ነበር፤ ደህናውን ጆሯቸውን ወደ እኔ አዘንብለው፣ በኩራት ፈገግ ብለው ቆሙ።

አነበብኩ። ዐይኔን ከወረቀቱ አላነሳሁም፤ ግን ፈገግታቸው የትኛው ቃል ላይ እንደሞተ አውቃለሁ። ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ፤ ቀልድ መስሎት ነው፣ የእኔ ነገር ሁሌ ቀልድ ነው። ከዚያ የሚሰማው ቧንቧው ብቻ ነበር፤ ጀሪካን ሞልቶ እየፈሰሰ የሚዘጋው ጠፋ።

አጣቢዋ አንሶላ እየጨመቀች ነበር። ስለ ደብዳቤዋ ያለው ጋ ስደርስ እጇ ቆመ። ስጨርስ ወረቀቱንና የቀለሙን ዕቃ ይዤ ሄድኩና ፊቷ ቆምኩ። እታለም ማለት ፈልጌ አፌ እንቢ አለኝ። አንቺና አንድ ሌላ ሰው ሰምተናል ብላችሁ ከፈረማችሁ ጉዳዩ እንደገና ይሰማል፣ ቁልፉም እስከዚያ እጅሽ ላይ ይቆያል አልኳት።

ወረቀቱን አየችው። እኔን አላየችኝም።

«እኔ ፊደል አልቆጠርኩም» አለች። «ዛሬስ ያልዘለልከው ነገር እንደሌለ በምን አውቃለሁ?»

ጭንቅላቷን አዙራ ሰልፉ ውስጥ ሚስቴን ፈለገች። «እስቲ ነይ፣ እህቴ። ከኋላው ቁሚና ዐይንሽን አብረሽ አስኪጂልኝ።» ከዚያ ለእኔ፣ ወንድሜም ሳትል፣ ስሜንም ሳትጠራ፣ «ድገመው። ጮክ በል፤ ማዞሪያው ላይ ያሉት አልሰሙም» አለች።

ደገምኩት። ባለቤቴ ከትከሻዬ በላይ ጣቷን እያንዳንዱ ቃል ላይ እያሳረፈች ተከተለችኝ። ዋሸሁ የሚለው ላይ ጣቷ አልፈጠነም፤ አልዘገየም። የመጨረሻውን መስመር ስጨርስ አጣቢዋ ቀና ብላ ባለቤቴን አየቻት። ባለቤቴ ራሷን ነቀነቀች፣ አንድ ጊዜ።

ያኔ እርጥብ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ አውራ ጣቷን ቀለሙ ላይ ጫነች።